«ኦዚማንዲያስ»ን እንዴት አነበብኩት

ለንባብ ቡድናችን የውጭ ግጥም የማቅረብ ተራው ሲደርሰኝ የእንግሊዛዊውን ፐርሲ ሼሊ «ኦዚማንዲያስ» መረጥኩ። 14 ስንኝ ብቻ ነው። ሥልጣን አላፊ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ይህን ለመስማት ማንም ቅዳሜውን አያቃጥልም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ሼሊ ይህን የታወቀ ነገር እንዴት አዲስ አደረገው?

መጀመሪያ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ማን ምን እንደሚል አሰመርኩ። «እኔ» ባዩ አንድ መንገደኛ አገኘሁ ብሎ ዝም ይላል። መንገደኛው በረሃ ላይ ሁለት ግዙፍ የድንጋይ እግሮችና አሸዋ የዋጠው የተሰባበረ ፊት አይቷል። ንጉሡ ያለው ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ እሱም ሐውልቱ መቆሚያ ላይ የተቀረጸ፦ «የነገሥታት ንጉሥ ኦዚማንዲያስ ነኝ፤ እናንተ ኃያላን፣ ሥራዬን እዩና ተስፋ ቁረጡ!» ቀለሞቹን ሳይ ነገሩ ቁልጭ አለልኝ። ያ ሁሉ ትእዛዝ ሰው ለሰው ያቀበለው ወሬ ሆኗል።

ብዙ የቆየሁት ቀራፂው ላይ ነው። ስሙ አልተነገረም። ግን ንጉሡን እየቀረጸ ታዝቦታል። የከንፈሩን ንቀትና የግንባሩን ኩስትርታ ድንጋይ ላይ አስቀርቶበታል። መንግሥቱ ጠፍቶ የተረፈው ያ ትዝብት ነው። (ለንጉሥ እየሠሩ እንዲህ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል!)

ታሪኩንም አገላበጥኩ። ኦዚማንዲያስ ግሪኮች የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ ራምሴስ 2ኛን የጠሩበት ስም ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ባቆየው ጽሑፍ ንጉሡ «ታላቅነቴን ማወቅ የሚሻ ከሥራዎቼ አንዱን ይብለጥ» ይላል። ሼሊ ጋ ሲደርስ ፉክክሩ ወጥቶ «ተስፋ ቁረጡ» ገብቷል። ኃያላን ዛሬም ያንን ባዶ በረሃ ቢያዩ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ንጉሡ ባሰበው ምክንያት ግን አይደለም። ግጥሙ በጥር 1818 እ.ኤ.አ. ሲታተም የዘመኑ ኃያል፣ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን፣ ዋተርሉ ጦርነት ላይ ከተሸነፈ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከሁሉ የጠቀመኝ የሼሊ ወዳጅ ሆራስ ስሚዝ ከሼሊ ጋር ተፎካክሮ በዚያው ርእስ የጻፈውን ግጥም ጎን ለጎን ማንበቤ ነው። ስሚዝ ወደ መጨረሻው ለንደንም ትፈርሳለች፣ አንድ አዳኝም ፍርስራሿን አይቶ ይገረማል ይላል። መልእክቱን አፍ አውጥቶ ይናገራል። ሼሊ ከንጉሡ ፉከራ በኋላ «ሌላ የቀረ የለም» ብሎ አሸዋውን ብቻ ያሳያል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ እዚያ ጋ ድምፃችሁ በራሱ ይቆማል።

ሳቀርበው ግን አንዷ ተሟገተችኝ፦ «ስሚዝ ይሻላል። የገዛ ከተማውን ስም ጠርቷል። ሼሊ ግብፅ ሄዶ ተደበቀ።» እኔ አሁንም ከሼሊ ጎን ነኝ፤ እሷን ግን መርታት አልቻልኩም።