ሐረጎ ላይ ፍሬን ሲሸት

ሹፌርነት ከተውኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መጋዘን ስምሪት ላይ ነኝ። መኪና ሲገባ እጽፋለሁ፣ ሲወጣ እጽፋለሁ፣ ጭነቱን ከሰነዱ ጋር አመሳክራለሁ። ማታ እራቴን ቤቴ በልቼ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ። ለሌላው ሰው ይሄ ምንም አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋቢና ውስጥ ላደረ ሰው ግን ትልቅ ሹመት ነው።

መስመሬ የጅቡቲ ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ጋላፊ፣ ከዚያ ወደቡ። ቀኑ ሰኞ ከሆነ ባቲ ላይ ገበያተኛውና ግመሉ መንገዱን ይሞላዋል፣ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ከባቲ በታች ሙቀቱ ይጀምራል። ወረፋ ከያዝክ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈህ ትተኛለህ። ሁለተኛዋ ልጄ ስትወለድ ጋላፊ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ሦስተኛው ሲወለድም ወደቡ ላይ ተራ ስጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ወገቤ እምቢ አለ፣ እኔም ተውኩት። መተዉ ላይ ብዙ አልተጨነቅኩም።

ያስጨነቀኝ መንጃ ፈቃዱ ነው። የማሳደሻው ጊዜ እየደረሰ ነበር። ላሳድሰው ወይስ ይለፈው?

ያወጣሁት በድሮው አጠራር ነው፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ በሚባልበት ጊዜ። አምስተኛ ያለው ሰው ተሳቢ ይነዳል። በኋላ ደረቅ አንድ፣ ደረቅ ሁለት፣ ደረቅ ሦስት የሚል ስም መጣ። የድሮ ሰዎች ግን አሁንም «አምስተኛ አለው» ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ የደረስኩት ደረጃ በደረጃ ነው፣ መጀመሪያ ረዳት ሆኜ ከጎማ ሥር ታኮ በመወርወርና ጎማ በመፍታት። እንዲህ የተገኘ ነገር በቀላሉ አይጣልም።

ባለቤቴ ግን በአጭሩ ዘጋችው። «ኪስህ ውስጥ እስካለ ድረስ አልተውክም» አለች።

አንድ ጎረቤት ሽማግሌ አሉ፣ የአሰብ መስመር ሹፌር የነበሩ። እሳቸው ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣና የአሰብ መንገድ ሲዘጋ መኪናቸው ቆመ። እሳቸውም ሱቅ ከፈቱ፣ ፈቃዱን ረሱት። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞሮ ሹፌር ሲፈለግ ግን እጃቸው ባዶ ነበር። እንደ ጀማሪ ልትፈተን ነው ተባሉ። «ከልጆች ጋር ተሰልፌ ወደቅሁ» ይላሉ። እየሳቁ ነው የሚያወሩት፣ ግን ሁልጊዜ ያወሩታል።

በዚህ መሀል ነሐሴ ላይ አለቃዬ ደወለ። ቁርጥራጭ ብረት የጫነ ሲኖትራክ ደሴ ቆሟል፣ ሹፌሩ ኩላሊቱ ተነሥቶበት ሐኪም ቤት ገብቷል።

«መንጃ ፈቃድህ አለ አይደል?» አለኝ።

«አለ» አልኩ።

የጠየቀኝ ስለ ወረቀቱ ነበር። እኔ ግን ስለ ራሴ የጠየቀኝ ነው የመሰለኝ። በሚኒባስ ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር ብዬ ባወራ አላፍርም።

መኪናዋን ዞሬ አየሁ፣ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ። ረዳቱ ሃያ ዓመት የሚሆነው፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለሹፌሩ አንዴ ቢደውሉለትስ?» አለኝ።

«አብሽር» አልኩት። ወሎ ውስጥ ይሄ ቃል የማያልፍበት ቦታ የለም።

መንገዱን ለማያውቅ ልንገር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር ርቀት ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። በመሀል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ኩርባው በኩርባ ላይ ነው። በክረምት ደግሞ ጉም ይተኛበታል፣ አስፋልቱም ይረጥባል። ባዶ መኪና ይዘህ ችግር የለም። ብረት ጭነህ ከሆነ ግን መኪናዋ ከኋላ የሚገፋት ሰው ያለ ነው የምትመስለው።

የቁልቁለት ሕግ አንድ ናት። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ይያዝልህ፣ ፍሬን ለአንዳንዴ ይሁን። ይሄን ለሦስት ረዳቶች ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ነካኝ? እኔ የለመድኩት ኢቬኮ ነው፣ የዚህች ካንቢዮ ለእጄ እንግዳ ሆነብኝ። ወደ ታች ልቀንስ ስል እምቢ አለኝ። ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል። በቃ ይሁን ብዬ በያዝኩት ማርሽ ለቀቅኩት፣ ቀሪውን በእግሬ ልይዘው።

ፍሬን ረግጠህ ከያዝከው ይግላል። ሲግል መያዙን ይተዋል። እየረገጥክ እየለቀቅክ ከሄድክ ደግሞ ፍሬኑን የሚያሠራው ነፋስ ያልቃል። ሁለቱንም አደረግኩ።

«ጋሼ፣ ይሸታል» አለ ልጁ።

«የፊተኛው መኪና ነው» አልኩት።

ከፊታችን መኪና አልነበረም።

ከዚያ የነፋሱ ጌጅ ሲወርድ አየሁት። ማስጠንቀቂያው መጮኽ ጀመረ። ማርሽ ልቀንስ ብዬ ሳወጣው አልገባ አለ፣ መኪናዋ ፎሌ ሆነች፣ ያለ ማርሽ ቀረች። ሐረጎ ላይ፣ ብረት ተጭኖ፣ ፎሌ! ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ልጁ በሩን ሲከፍት አየሁት። ሊዘል ይሁን ታኮ ሊጥል ይሁን አልጠየቅኩትም። ነዳጅ ሰጥቼ፣ ፍሪሲዮኑን ደግሜ ረግጬ ስገፋው ማርሹ ገባ። ሞተሩ አገሳ። ከኩርባው አለፍ ብሎ በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ነበር፣ እዚያ አስጠጋኋት። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ልጁ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ሥር ነበር።

ከኋላ ጎማዎች ጭስ ይወጣል። ልጁ ጀሪካን አንሥቶ ውኃ ሊደፋ ሲል ጮኼ አስቆምኩት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋህ ይሰነጠቃል። በዚያን ቀን በትክክል ያዘዝኩት እሱን ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በለስ የሚሸጥ ልጅ መጣ፣ ገዝተን በላን። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የበለሱን ልጣጭ ያነሣልኝ ሻጩ ነው። ከዚያ ረዳቱ ቀስ ብሎ፣ «ሹፌሩ እኮ ከላይ ጀምሮ በሁለተኛ ነው የሚያወርዳት» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነዋ።»

ሐኪም ቤት ላለው ሹፌር ያኔ ደወልኩ። ከደሴ ሳልነሣ መደወል የነበረብኝን ማለቴ ነው። «የኋላ ቀኙ ፍሬን ላላ ብሏል፣ በሁለተኛ አውርዳት» አለኝ። ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም።

በሁለተኛ አወረድኳት። ኤሊ ሳይቀር ቀደመን። መጋዘኑ በር ላይ አለቃዬ እየሳቀ ተቀበለኝ። ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ከአሁን በኋላ ሹፌር ቀረ ብዬ አልጨነቅም፣ አንተ አለህልኝ!» አለ። በስምሪት ደሞዝ ማለት ነው እንግዲህ። የሆነውን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ለረዳቱ ግን ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ከእኔ በላይ አፈረ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጃኬቴን ተቀበለችኝና አሸተተችው። የሹፌር ሚስት ይሄን ሽታ ታውቀዋለች። ሁሉንም ነገርኳት። ጣለው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ጃኬቱን ዘፈዘፈችው፣ ምንም አላለችም።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ወረቀቱ እጄን አልጠበቀልኝም። ግን ወረቀቱን መጣልስ ምን ይጠቅማል? የመጋዘን ሥራ ዛሬ አለ፣ ነገ ላይኖር ይችላል። ልጆች ገና ትምህርት ቤት ናቸው። የሽማግሌውን ሳቅም አስታወስኩ። በሌላ በኩል ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ካለ፣ አለቃዬ በደወለ ቁጥር «አለ» ማለቴ አይቀርም። ራሴን አውቀዋለሁ። አሁንም የሲኖትራክ ድምፅ ስሰማ መስኮት ላይ እቆማለሁ።

ሄጄ አሳደስኩት። የጤና ምርመራው ላይ ዓይኔን ሲያዩ ታችኛዋ መስመር ትንሽ አስቸገረችኝ፣ ግን አለፍኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ግቢ ውስጥ ባዶ መኪና እያስነሣሁ ያቺን ካንቢዮ መልመድ ጀመርኩ። ሹፌሩ ድኗል፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያረመኝ ነው። ረዳቱ ጀርባውን አዙሮ ይስቃል፣ አይቼዋለሁ።

ፈቃዱን ግን ኪሴ አልከተትኩትም። ለባለቤቴ ሰጠኋት። ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሠረችው። መንጃ ፈቃድ ሳይዙ መንዳት ደግሞ አይፈቀድም።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ደወለ።

«ፈቃድህን አሳድሰሃል አሉ?»

«አዎ፣ አሳድሻለሁ።»

«በል አንዲት መኪና ደሴ ቆማለች።»

«ፈቃዱ ቤት ነው። ቁልፉ ከባለቤቴ ጋር ነው።»

«ደውልላታ!»

ደወልኩላት። «ጭነቱ ምንድነው? ፍሬኑን ማን አየው?» አለችኝ።

ጥያቄውን እንዳለ ለአለቃዬ አስተላለፍኩለት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋው።