የሞዴል ፈተናውን ወረቀት ከቦርሳዋ ያገኘሁ ዕለት

የበኩር ልጄ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰደችው በ2015 ክረምት ነው። እኔ ጅማ ውስጥ ቡና አቅራቢ ነኝ፤ ስለ ቡና እርጥበትና ደረጃ ካልሆነ በቀር ስለ ተማሪ ጭንቀት አውቃለሁ የምለው ነገር አልነበረኝም። በዚያ ዓመት የፈጸምኩትን ስሕተትና ኋላ ላይ የቀናኝን ጥቂት ነገር የምጽፈው፣ ተፈታኝ ልጅ ያለው ወላጅ ቢያንስ ስሕተቱን እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በጥር 2015 የቀደመው ዓመት ውጤት ይፋ በሆነበት ሳምንት ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ትምህርት ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቁጥር ሳላነሣ የቀረብንበት ማዕድ ትዝ አይለኝም። «ከሠላሳ ልጅ አንድ ነው የሚያልፈው፤ አስቢበት» እላታለሁ። እኔ ማበርታቴ ነበር፤ እሷ ግን እንጀራውን ስትቆራርስ ቆይታ ሳትጎርስ ትነሣለች።

በመጋቢት ሆዷን ያማት፣ ራሷን ይወጋት ጀመር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕመም ወይ ጨጓራ ነው ወይ ታይፎይድ፤ ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ወሰድኳት። ምርመራው ምንም አላሳየም። የመረመሯት ባለሙያ መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት «ፈተናው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን እሷን ሳይሆን እኔን ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም።

የገባኝ በሚያዝያ ነው። ለትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ፍለጋ ቦርሳዋን ስከፍት፣ በመጽሐፍ መሀል አራት ቦታ የታጠፈ የፊዚክስ ሞዴል ፈተና ወረቀት አገኘሁ፤ ከመቶ 31። ቀኑ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት «ሞዴሉ እንዴት ሆነ?» ስላት «ገና አልታረመም» ስትለኝ ነበር። ልቆጣ ተነሣሁ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ «የፈራችው ፊዚክሱን ይመስልሃል?» አለችኝ። ልጅቷ ሁለት ፈተና ተሸክማ እንደነበር፣ አንደኛውንም ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ የተረዳሁት በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው።

በማግሥቱ ወረቀቱን እንዳገኘሁት ነገርኳት፤ ቁጥሩንም ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን እንደማላነሣው ቃል ገባሁላት። ቃሌን መጠበቅ ቀላል አልነበረም። «ስንት ሰዓት አጠናሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለማቆም ብቻ ወር ያህል ፈጅቶብኛል፤ ምላሴ ላይ መጥቶ ስውጠው ታየኝና ትስቅብኝ ነበር። በምትኩ «ዛሬ ምን ልያዝልሽ?» ማለት ለመድኩ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «ታናሽ ወንድሜን ያዝልኝ» ነበር።

ሌላው ጥፋቴ ቡናው ነው፤ የጅማ ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ እንድትነቃ እያልኩ ሁለት ስኒ አቀርብላት ነበር። ካፌይን ከሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኗ ፈጦ ጣሪያ ስታይ የነበረው በእኔ ስኒ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልገዋል፤ ቀን የተጠናው ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚጸናውም በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ቡናውን ከቀትር በኋላ ከለከልን፣ መብራት ማጥፊያውንም 4 ሰዓት ተኩል አደረግነው። (ጫት ቅሞ የሚያጠና ተማሪም በከተማችን አይጠፋም፤ የእሱ ነገር ከቡናው የባሰ እንቅልፍ ነሺ ስለሆነ ከልጆቼ ጋር በግልጽ ተነጋግረንበታል።)

ከሁሉ በላይ የጠቀማት ግን ቅዳሜ ጠዋት የምናደርገው ልምምድ ይመስለኛል። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ትሠራለች፤ ስልኩ ከእኔ ጋር ይሆናል፤ ከባድ ጥያቄ ገጥሟት ልቧ መምታት ሲጀምር እርሳሱን አስቀምጣ፣ አየር በአፍንጫዋ ስባ፣ ከሳበችበት ጊዜ አስረዝማ ቀስ ብላ ታስወጣለች፤ ከዚያ ጥያቄውን ምልክት አድርጋ ታልፈዋለች። መጀመሪያ ላይ አልፋ መሄድ ሽንፈት ይመስላት ነበር። በሰኔ ግን አንዱን ጥያቄ አልፋ ሦስት እንዳገኘች ራሷ ቆጥራ አሳየችኝ። እሑድ ከሰዓት ጥናት የለም፤ ዝናቡ ካባራ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ እንሄዳለን፣ ስለ ፈተና ግን ማውራት ክልክል ነው።

የተመደበችው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ቤታችን ቅርብ ሆኖ ሳለ እንደ ማንኛውም ተፈታኝ ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ ማደር ነበረባት፤ ስልክም አይገባም። ከቤት ውጪ አድራ ስለማታውቅ፣ ከመግባቷ በፊት ሁለት ሌሊት አክስቷ ቤት እንድታድር አደረግን፤ ብርድ ልብስና ጃኬትም ራሷ ሸከፈች። በር ላይ ያዘጋጀሁትን ምክር ሁሉ ትቼ «ካልሲ ያዝሽ?» ብቻ አልኳት። ያን ሳምንት ሆዱን ሲያመው የከረመው እኔ ነኝ።

ውጤቱ በመስከረም 2016 መጨረሻ ሲለቀቅ የአዲሱ ቡና ግዢ ስላልተጀመረ መጋዘን እያስጠረግኩ ነበር። በዝናቡ በእግሯ መጥታ ከበሩ ቆመች። ግማሽ አልሞላላትም፤ በጥቂት ነጥብ ጎደለ። በኋላ በአቅም ማሻሻያው ማለትም በሪሚዲያል ፕሮግራም ገብታ ቀጥላለች። በዚያ ሰዓት ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። ለእናቷም ለጓደኞቿም ገና አልነገረችም። ስልኩን በነጠላዋ ጠርጋ ዘረጋችልኝና «አባዬ፣ አንተ ቅድሚያ እየው» አለችኝ።