ሞተ የሚባለውን ግስ ማርባት

ሰሞኑን ማታ ማታ የፈረንሳይኛ ግስ አረባለሁ። በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሆኚ ነው የሚለኝ አልጠፋም። የማረባው ደግሞ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ቀብረነዋል የሚሉትን «ኤምፓርፌ ዲዩ ሲዩብዦንክቲፍ» መሆኑን የሰማ ሰው ከት ብሎ ይስቃል። ስሙ አፍ ስለሚያደክም እዚህ «ኃላፊው ዘንድ አንቀጽ» ብዬዋለሁ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ዘንድ አንቀጽ ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ «ይቀትል» ሳይሆን «ይቅትል»፣ ይገድል ዘንድ። የሆነውን ሳይሆን የተፈለገውን፣ የተፈራውን፣ የተጠረጠረውን፣ የታዘዘውን የሚናገር አንቀጽ ነው። ፈረንሳይኛ ይህን አንቀጽ በአሁኑም በኃላፊውም ጊዜ ያረባዋል። የአሁኑን ማንኛውም ሕፃን ይናገረዋል፤ ኃላፊው ነው መዘዘኛው።

አረባቡ ግን እንደ ስሙ አያስፈራም። «ፓርሌ»፣ መናገር የሚለውን ግስ ውሰዱ። በመጻሕፍት ብቻ የቀረው ቀላል ኃላፊ ጊዜ በሁለተኛ መደብ ነጠላ «ቲዩ ፓርላ» ይላል፤ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ድምፅ የሌላት «ኤስ» አለች። እሷን ይዞ አንድ «ኤስ» እና አንድ «ኧ» መጨመር ነው፤ «ፓርላስ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዤ ፓርላስ፣ ቲዩ ፓርላስ፣ ኢል ፓርላ፣ ኑ ፓርላሲዮን፣ ቩ ፓርላሲዬ፣ ኢል ፓርላስ እያሉ መውረድ ነው። ቤተሰቡም አራት ብቻ ነው፤ በ«አ» የሚሄደው ፓርላስ፣ በ«ኢ» የሚሄደው ፊኒስ፣ በ«ዩ» የሚሄደው ፊዩስ፣ በአፍንጫ የሚነገረው ቬንስ። የመጨረሻው የ«ቨኒር» እና የ«ተኒር»፣ የመምጣትና የመያዝ፣ ከነዘመዶቻቸው ብቻ ነው። ቀላሉን ኃላፊ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ለነገሩ ሞቱም የመጣው ከዚሁ ነው። መሠረቱ የሆነው ቀላል ኃላፊ ከሰው አፍ ሲወጣ ላዩ የተሠራው ቤት ምን ላይ ይቁም?

ድምፁም አልረዳውም። «እችል ዘንድ» ለማለት «ፒዩስ» ስትል ሰሚው ቁንጫ ይሰማል፤ «አይ ዘንድ» ለማለት «ቪስ» ስትል ብሎን። በዚያ ላይ «አስ» የምትለዋ መድረሻ በፈረንሳይኛ ማናናቂያ ናት፤ ወረቀት «ፓፒዬ» ነው፣ «ፓፕራስ» ሲሉት ግን የማይረባ የወረቀት ክምር ይሆናል። «እናንተ ትገድሉ ዘንድ» የሚለው «አሳሲናሲዬ» ሆኖ ሲወጣማ በሐዘን ቤትም ያስቃል። እኔ በበኩሌ የ«ኑ» እና የ«ቩ»፣ የእኛንና የእናንተን፣ መደቦች ለቀልደኞች ትቼላቸዋለሁ። ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሦስተኛው መደብ ነጠላ ነው፤ ዛሬም በጥንቃቄ በሚጽፍ ሰው ብዕር ላይ የምናየው እሱን ነው።

መንግሥት ደግሞ በደረጃ አሰናበተው። እ.ኤ.አ. በ1901 የትምህርት ሚኒስትሩ ዦርዥ ሌግ ባወጡት ውሳኔ ዋናው ግስ «ቢሆን ኖሮ» ዓይነት ሲሆን በኃላፊው ፋንታ የአሁኑን ዘንድ አንቀጽ የጻፈ ተፈታኝ እንደተሳሳተ እንዳይቆጠር ተፈቀደ። በ1976 ሌላው ሚኒስትር ረኔ አቢ ይህንኑ ፈቃድ ዋናው ግስ ኃላፊ በሆነበትም ቦታ አስፋፉት። «እንዲመጣ እፈልግ ነበር» ለማለት ሕጉ «ዤ ቩሌ ኪል ቬን» ይል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም «ኪል ቪዬን» ብሎ ያልፋል፣ የሚቆጣውም የለም።

የሚገርመኝ ጣሊያኖቹ ናቸው። አስመራ ያደገው አጎቴ ጣሊያንኛ የተማረው ጋራዥ ውስጥ፣ እጁ በግሪስ እንደተለወሰ ነው። ሰዋስው የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ግን ያንኑ «እንዲመጣ እፈልግ ነበር» ለማለት «ቮሌቮ ኬ ቬኒሴ» ሲል ይኸው አንቀጽ ያለ አንዳች ጭንቀት ከአፉ ይወጣል። ሁለቱም ከላቲን የወረዱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሮም ላይ አትክልት የሚሸጠው ሰው የሚናገረውን ፓሪስ ላይ ፕሮፌሰሩ ያፍርበታል።

ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ አንድ አዛውንት ባልደረባ አሉኝ፤ እሳቸው አያፍሩበትም። ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኢል ዩ ፋሊዩ» ይላሉ፣ «ባስፈለገ ነበር» ለማለት። ወጣቶቹ ይተያያሉ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ለምን እንደማይተዉት ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ይህን በዱላ ነው ያስገቡብን፤ አሁን የእኔ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም» አሉኝ። የእሳቸው ትውልድ አርአያ ሌዎፖል ሴዳር ሴንጎር ናቸው፤ የሴኔጋል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1935 የፈረንሳይ ከፍተኛውን የሰዋስው መምህርነት ፈተና ያለፉ፣ በ1983 ደግሞ ለፈረንሳይ አካዳሚ የተመረጡ ሰው። ባልደረባዬ ስማቸውን የሚጠሩት ኮታቸውን አስተካክለው ነው።

እኔን ግን ወደዚህ ያመጣኝ ክብር አይደለም፣ እንጀራ ነው። የምተረጉመው ብዙውን ጊዜ የቢሮ ወረቀት ነው፤ በዚያ ውስጥ ይህ አንቀጽ ዝር አይልም። ዘንድሮ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣ አንድ ፈረንሳዊ የጻፈውን የጉዞ ማስታወሻ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። እዚያ ውስጥ እንደ ልብ ነው። ገዢው እንዲያሳልፉት አዘዘ፣ በቅሎ እንዲሰጡት አዘዘ፣ ጨለማ ሳይዘው እንዲሰፍር ተማጸነ፤ ሁሉም በኃላፊው ዘንድ አንቀጽ።

አማርኛ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» እና «እንዲመጣ ፈልጌ ነበር» ስንል «እንዲመጣ» ንቅንቅ አይልም። ጊዜውን ተሸክሞ የሚመጣው ማሰሪያው ነው፤ ግዕዙም «ይፈቅድ ከመ ይምጻእ» ቢል «ፈቀደ ከመ ይምጻእ» ቢል «ይምጻእ» ያው ነው። ፈረንሳዮቹ በስንት መቶ ዓመት የደረሱበት ቦታ እኛ ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው ማለት ነው። ስለዚህ መመለሱ ቀላል መሰለኝ፤ እያንዳንዱን «እንዲ» እያልሁ እሄዳለሁ አልሁ።

ያልጠበቅሁት ነገር ያለው በባርኔጣዋ ላይ ነው። የሦስተኛው መደብ ነጠላ አናባቢ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ምልክት አለች፤ ድሮ እዚያ የነበረ «ኤስ» ሲወድቅ የተተከለች ናት። እኛ «ሆስፒታል» የምንለውን እነሱ «ኦፒታል» ብለው «ኦ»ዋን ባርኔጣ እንደሚደፉላት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አጻጻፉን ሲያቃልሉ ባርኔጣዋን ከብዙ ቃላት ላይ አማራጭ አደረጓት፤ ከዚህ አንቀጽ ላይ ግን አልነኳትም። ምክንያት ነበራቸው፤ «ነበረ» የሚለው ቀላል ኃላፊና «ይሆን ዘንድ» የሚለው ሁለቱም «ፊዩ» ናቸው። ጆሮ አይለያቸውም፣ ዓይን ነው የሚለያቸው። የእኛ ተቃራኒ ነው፤ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይኖር ወረቀቱ አይነግረንም፣ የሚያጠብቀው አፍ ነው። እነሱ ደግሞ «ከሆነ በኋላ» ሲሉ ያለ ባርኔጣ፣ «ከመሆኑ በፊት» ሲሉ በባርኔጣ ይጽፋሉ፤ አንደኛው ተፈጽሟል፣ ሌላው ገና ነው። (መጥላት የሚለው «አዪር» ግን ምስኪን ነው፤ «ኢ»ዋ ቀድሞውኑ ሁለት ነጥብ ስለተጫነባት ባርኔጣ የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም። ጠላና ይጠላ ዘንድ በዓይንም በጆሮም አንድ ናቸው።)

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማታዬን አልሰጠውም ነበር። ከጉዞው ማስታወሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ላምጣ። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ለተጓዡ መሪ ሰጡት፤ ከዚያ «ደ ሶርት ኪል ፓሳ» ይላል፣ ሳይመሽ ወንዙን። «ፓሳ» ያለ ባርኔጣ ከሆነ «ስለዚህም ተሻገረ» ነው፤ ሰውየው ማዶ ነው። ባርኔጣ ከደፋ «እንዲሻገር» ነው፤ መሪው የተሰጠው ለዚያ ነው፣ መሻገሩን ግን ማንም አልመሰከረም። አንድ ጭረት ናት ሆነ የሚለውን ከተፈለገ የምትለየው። የታሪክ ሰው ይህን ትርጉም አንብቦ «በዚህ ቀን ተሻገረ» ብሎ ቢጽፍ የቀኑ ኃላፊ እኔ ነኝ። ቀብረነዋል የሚሉት ሰዎች ማውራታቸውን እንጂ ማንበባቸውን የሚያስቡ አይመስለኝም።

ችግሩ የተሰጠኝ ጽሑፍ ከአሮጌው ኅትመት በኮምፒውተር የተለቀመ ነው። ማሽኑ ባርኔጣዋን አንዳንዴ ያያታል፣ አንዳንዴ እንደ ቆሻሻ ይጠርጋታል። በእኔ ቅጂ ላይ «ፓሳ» ባዶ ራሱን ነው። የገጹን ፎቶግራፍ አስመጣሁና አጉልቼ አየሁት፤ ከ«አ»ዋ በላይ ቀለም የመሰለ ነገር አለ፣ ባርኔጣም የወረቀት ጉድፍም ሊሆን ይችላል። ባልደረባዬን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው ከቆዩ በኋላ፣ «ዓረፍተ ነገሩን ተዪው፣ ገጹን ግለጪ» አሉኝ።

ገለጥሁ። በሚቀጥለው ገጽ ተጓዡ ዝናብ እያማረረ ነው፤ ውሃው እስኪጎድል ሁለት ሌሊት እዚሁ ዳር አደረ፣ ጥይቱም ረጠበበት። «እንዲሻገር» ብዬ ጻፍሁና ወደ በቅሎዎቹ አለፍሁ።