«ወራጅ አለ» ማለት ሲያቅት፦ የመንተባተብ ሕክምና ሥልጠናዬ አምስት ወራት

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። መውረጃዬ እየደረሰ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውጭ ያያል። እኔ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» ማለት አለብኝ። ግን ሆን ብዬ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ መያዝ አለብኝ። የቤት ሥራዬ ነው።

«ወ... ወ... ወ...»

ሦስተኛው ላይ ስደርስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «ወራጅ አለ ይልሃል!» ብላ ጮኸችልኝ። መኪናው ቆመ። «አይዞህ ወንድሜ» አለችኝ። በሩ አጠገብ ያሉ ሁለት ልጆች ሳቃቸውን ዋጡ። ስወርድ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጥር ነው፣ ገና ጠዋት ነው፣ የጎንደርን የጥር ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ስፒች ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) ነኝ። የማያቸው በአብዛኛው የላንቃ ክፍተት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ልጆችና ስትሮክ የመታቸው አዋቂዎች ናቸው። የሚንተባተብ ሰው ሲመጣ ግን ልቤ ይፈራ ነበር። ምን እንደማደርግለት አላውቅም። «ረጋ በል፣ አየር ሳብ» እለውና እሸኘዋለሁ። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስጽፈው ራሴን ያሳፍረኛል። ኅዳር ላይ መንተባተብ ላይ ብቻ ያተኮረ የኦንላይን ሥልጠና ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ማታ በዙም እንገናኛለን፤ በወር አንዴ ደግሞ የቀዳነውን ሥራ ለአሠልጣኟ እናቀርባለን። እናንተም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ስላላችሁ የያዝኩትን ማስታወሻ ላካፍላችሁ። የታካሚዎቼን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ መለያቸውንም ቀይሬያለሁ።

ኅዳር

የመጀመሪያው ወር ቆጠራ ነው። ሰውዬው ሲያወራ ይቀዳል፣ ቢያንስ 300 ክፍለ ቃል። ከዚያ ስንቱ ላይ እንደተያዘ ተቆጥሮ በመቶኛ ይወጣል። ምን ችግር አለው አልኩ። አንዱን ቅጂ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት ዓይነት ውጤት አገኘሁ፦ 4፣ 7፣ 9።

ጥፋቴን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንደኛ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ሀ ሁ ሂን በዜማ ያጠና ሰው ሁሉ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ መስሎት ያድጋል። «ትምህርት» በጽሑፍ አምስት ፊደል ነው። ስንናገረው ግን ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው፦ ትም፣ ህርት። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴ ባዶውን ነው። ስለዚህ ጽፎ መቁጠር አያዋጣም። ዓይን ጨፍኖ ጠረጴዛውን በጣት እየመቱ በጆሮ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አማርኛችን መደጋገም ይወዳል። «ቀስ ቀስ እያለ»፣ «ትንሽ ትንሽ»፣ «ቶሎ ቶሎ»። እነዚህን ሁሉ መንተባተብ ብዬ መዝግቤያቸው ነበር። ሰውዬው ሰዋስው ይናገራል፣ እኔ በሽታ እጽፍለታለሁ። («ተንተባተበ» የሚለው ቃል ራሱ ይንተባተባል እኮ። ይህን ለአሠልጣኟ ሳስረዳት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።)

የሚቆጠሩት ሦስት ናቸው። ድምፅ ወይም ክፍለ ቃል መደጋገም፣ «እ-እ-እኔ» እንደሚለው። ድምፅ ማስረዘም፣ «ስስስስላም» እንደሚለው። ሦስተኛው መቆለፍ ነው፤ አፍ ለመናገር ተዘጋጅቶ ድምፁ አይወጣም። ይህኛው በድምፅ ቅጂ ዝምታ ብቻ ስለሚመስል አመለጠኝ። በቪዲዮ ሲታይ ግን ዓይኑ ይጨፈናል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ቡጢው ይጨበጣል። ስለዚህ ምክሬ፦ በቪዲዮ ቅዱ።

አራተኛ አለ ብዬ የምከራከረው «እንትን» ነው። አንድ ታካሚ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ «እንትን» አለ። መቶኛው 1 ወጣለት፣ ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ ማለት ነው! ለካ የሚይዘውን ቃል ሁሉ እየዘለለ ነው። ሐሙስ ሊል «ከረቡዕ ማግስት» ይላል። ራሱ ይንተባተብ የነበረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆሴፍ ሺሃን መንተባተብን ባሕር ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ መስሎታል። የሚሰማው ጫፉ ነው፤ ፍርሃቱ፣ እፍረቱና ሽሽቱ ውኃው ሥር ነው። እኔ በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ እንጂ ሲንሳፈፍ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለራሴ ድንች አድርጌዋለሁ፤ ከላይ ትንሽ ቅጠል፣ ሲቆፈር ጉድ።

ታኅሣሥ

አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ደንግጦ ነው ዶክተር» አሉኝ። ማታ ውሻ ጮኾበት፣ እሳቸው ደግሞ በር ክፍት ትተው ነበርና ጥፋቱን ለራሳቸው አድርገውታል። አማታቸው ከምላሱ ሥር ያለችው ክር ትቆረጥ ብለዋል። እሳቸው ጸበል እየወሰዱት ነው።

ድሮ ቢሆን «ይለቀዋል» ብዬ እሸኛቸው ነበር። ይህም ግማሽ እውነት አለው። መንተባተብ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹን ይለቃቸዋል፣ አንድ ያህሉ ላይ ይቀራል። ጥያቄው የቱ ነው የሚለቀው ነው። ይህ ልጅ ወንድ ነው፤ በአዋቂነት ከሚንተባተቡት አራት ወንድ ለአንዲት ሴት ያህል ነው። አጎቱ ይንተባተባል። ከጀመረው ከዓመት አልፏል። ስለዚህ መጠበቅ የለብንም።

ለእናቱ ያልኳቸው፣ ይህ ነገር አንጎል ንግግርን ከሚያቀናብርበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፣ በዘርም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ የዴኒስ ድሬይና ቡድን ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ጂኖችን ለይቷል። ውሻውም በሩም የሉበትም። «ጸበሉን ይቀጥሉ፣ ምላሱን ግን እንዳያስነኩ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አለቀሱ። መሃረብ አልነበረኝም።

የተጠቀምነው ሊድከም ፕሮግራም ይባላል። ሲድኒ ውስጥ ባለ ሰፈር ስም የተጠራ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ፣ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ሕክምናውን የሚሰጠው ወላጅ ነው፣ ቤት ውስጥ፣ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ልጁ ሳይያዝ ሲናገር ወላጁ ያንን አንስቶ ያመሰግናል። ማታ ማታ ቀኑን ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጠዋል። 0 ምንም፣ 9 እጅግ ከባድ።

እዚህ ጋ ተያዝን። እናትየው ልጃቸውን ፊት ለፊት ማመስገን አይፈልጉም። «ዓይን ይገባዋል» አሉ። ማንዋሉ ውስጥ ስለ ዓይን ምዕራፍ የለም። መጀመሪያ ልከራከራቸው አሰብኩ፣ ተውኩት። ማመስገን ያለብን ልጁን ሳይሆን ንግግሩን ነው አልኩ፤ ከእሱ ላይ እናውርደውና ቃሏ ላይ እናድርገው። እሳቸው ራሳቸው መፍትሔ አመጡ፦ «ይህቺ ቃል ሳትደናቀፍ መጣች።» ልጁ ደስ አለው፤ ቃሎች በሩጫ የሚመጡ መሰሉት። አሁን «ይህቺስ ተደናቀፈች?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ነጥቡን ማታ ማታ በቴሌግራም ይልኩልኛል። 6፣ 6፣ 5፣ 6። የገና ዕለት 8። ደነገጥኩ። ለካ ቤት ሙሉ እንግዳ መጥቶ አንድ በአንድ «እስቲ ስምህን ንገረኝ ማሙሽ» ሲሉት ውለዋል። መንተባተብ ወጣ ገባ ይላል፤ በአንድ ቀን ቁጥር አትደንግጡ።

ጥር

የወሩ ሥራ ሆን ብሎ መንተባተብ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አደባባይ ወጥቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር፣ አሥር ጊዜ። ከመካከላችን «ይህ ማላገጥ ነው» ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ግማሽ ልቤ ከእነሱ ጋር ነበር። አሠልጣኟ ያለችው ታካሚህን «ሂድና ሱቅ ግባ፣ ቢይዝህም ተናገር» የምትለው ከሆነ አንተም ግባ ነው። ሌላው ግማሽ ልቤ በዚህ ተሸነፈ።

የሚኒባሱን ነገርኳችሁ። ከሳቁት ልጆች ይልቅ ያቃጠለችኝ ቃሌን የጨረሰችልኝ ሴትዮ ናት። ደግ ሴት ናት፣ መኪናውም ቆሞልኛል። ግን አፌን የነጠቀችኝ ያህል ተሰማኝ። የእኔ ደግሞ የውሸት ነው! ወደ ቢሮ ስሄድ የገባኝ ነገር፣ አራት ዓመት ሙሉ ለታካሚ ሁሉ ያንኑ ሳደርግ መኖሬን ነው።

«አይዞህ»ም እንዲሁ። ለሁሉ ነገር የምንለው ቃል ነው፣ ከልብ ነው። ግን ሲነገረኝ «ለካ የሚያሳዝን ነገር ላይ ነኝ» አስባለኝ።

አራዳ ላይ ቲማቲም ስገዛ፣ ሞባይል ካርድ ስጠይቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት። ብዙው ሰው ዓይኑን ያሸሻል። ዘጠነኛው የጥምቀት ዕለት ነበር። ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ያለውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ጋ ጠጋ ብዬ ታቦቱ በየት በኩል እንደሚወጣ መጠየቅ ጀመርኩ። «ታ... ታ...» እያልኩ ያንን ሁሉ ጫጫታ ትተው፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ እስክጨርስ ቆሙ። ከዚያ በከዘራቸው አቅጣጫውን አሳዩኝ። ማዘንም ማበረታታትም የለም። ከአሥሩ እንደዚያ ያደረጉልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በማግስቱ ክሊኒክ ውስጥ ስቀመጥ እሳቸውን ለመምሰል ሞከርኩ።

የካቲት

ምንም አልሠራሁም ማለት ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ ተራ ገብተው ሁለት ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ። የሠራሁት ራሴን መቅዳት ብቻ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ «ረጋ በል» ብያለሁ። ከጥር በኋላ!

መጋቢት

የአብነት ተማሪ ነው፣ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር የመጣ። ጓደኛው ነው ይዞት የመጣው፤ እየተናገረለትም ነበር። «ሲያዜም ቢያዩት አንድም አይይዘው፤ ስምህን በል ሲባል ግን ይኸው።» እንዳለውም፣ ዜማ ሲያሰማኝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከጓደኛው ጋር አብረው እኩል ሲያነቡም አይያዝም። ብቻውን «ስምህ ማነው?» ስለው ግን ተቆለፈ።

ጓደኞቹ «ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው» ብለው ደምድመዋል። አይደለም። የሚንተባተቡ ሰዎች ሲዘፍኑና ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ በአብዛኛው አይያዙም፤ በሁሉም አገር የሚታይ ነው። ዜማ ቃሉንም ምቱንም አስቀድሞ ይሰጣል፣ ድምፁንም ያስረዝማል። ግን በዜማ ዳቦ አይገዛም።

ከእሱ ጋር የሄድኩት በቻርልስ ቫን ራይፐር መንገድ ነው፤ እሱም ራሱ የሚንተባተብ ቴራፒስት ነበር። ቁም ነገሩ መንተባተብን ማጥፋት ሳይሆን ቀለል አድርጎ መንተባተብ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ ለታካሚ የምላቸው እንዲህ ነው። «መልሶ ማለት»፦ ተይዘህ ከጨረስክ በኋላ ቆም በልና ያንኑ ቃል በላላ አፍ ድገመው። «መሃል ላይ ማላላት»፦ እንደተያዝክ አትግፋ፣ እዚያው አላላና ውጣ። «ቀድሞ ማላላት»፦ እንደሚይዝህ ስታውቅ ከመግባትህ በፊት አላላ። ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ተማሪው ወዲያው ገባው። ተብታባና ትብትብ ዘመድ ናቸው አይደል? «ቋጠሮ ከጫፉ ነው የሚፈታ» አለኝ። ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ ፈጀበት። አልጨረስኩለትም።

ችግራችን ስሙ በ«ጥ» መጀመሩ ነው። የሥልጠናው ምሳሌዎች የእንግሊዝኛ ድምፆች ናቸው፤ ምላስህን በስሱ አስነካ ይላሉ። «ጥ» ግን ጉሮሮና ምላስ አንድ ላይ ተዘግተው፣ አየር ታምቆ፣ የሚፈነዳ ድምፅ ነው። ካላላኸው «ት» ይሆናል። «ጠፋሁ» ሊል «ተፋሁ» ይላል። የእንግሊዝኛውን እንዳለ ስሠራበት አንድ ሳምንት ስሙን ቀየርኩበት። አሁን የያዝነው ሌላ ነው፤ «ጥ»ዋን እንዳለች ትተን፣ ምላሱ ከመዘጋቱ በፊት ያለውን ግፊት መቀነስና ተከትላ የምትመጣውን አናባቢ ማስረዘም። ከሦስት ሙከራ አንዱ ይሳካል። አሠልጣኟ እንዲህ ያለ ድምፅ በቋንቋዋ ስለሌለ ከእኔው እየተማረች ነው።

ትናንት ደብረ ታቦር ላለች እህቱ በአዲስ ቁጥር ደወለ። ስልክ ለእሱ ትልቁ ፍርሃት ነው። እህቱ አነሳች። «ሀሎ፣ ማን ልበል?» ተቆለፈ። እኔ እስክሪብቶዬን ነክሼ ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሰከንድ። እህቱ «ኔትወርክ ነው መሰለኝ» ብላ ዘጋችው። እኔ ልደነግጥ ስል እሱ ሳቀ። መልሶ ደወለ። «ማን ልበል?» አሁንም ያዘው፤ መሃል ላይ ለቀቀው፣ ስሙ ረዝሞ ወጣ። እህቱ «ውይ! አንተ ነህ እንዴ» ብላ ስለ ላሟ ማውራት ጀመረች።

የአራት ዓመቱ ልጅ እናት የሚልኩልኝ ነጥብ በዚህ ሳምንት 3 እና 2 ላይ ነው። ለሚያዝያ የቀረኝ «ቀ»ን እና «ጨ»ን እንደ «ጥ» መሞከር ነው። ከመካከላችሁ በእነዚህ ድምፆች ከታካሚ ጋር የሠራ ካለ፣ በትግርኛም በኦሮምኛም ቢሆን፣ እንዴት እንዳላላችሁት ጻፉልኝ።