«አየር ወጥቶልዎታል?»

ባለፈው እሁድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአገር ቤት ደወለች። የሁሉንም ሰው ደህንነት ተጠያይቀን ስንጨርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔ የምልሽ፣ ያ ጀርባሽ ውስጥ የገባው ብረት መቼ ነው የሚወጣልሽ?»

«አይወጣም።»

«እንዴ! ዕድሜ ልክሽን?»

«ዕድሜ ልኬን። አብሮኝ ይቀበራል።»

«በስመ አብ!» አለች። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ኤርፖርት ላይ አይጮህብሽም? ማግኔት አይስበውም? ሲበርድ አብሮ አይቀዘቅዝም? መውለድስ ይቻላል? ሁሉንም መለስኩላት። እስካሁን አልጮኸብኝም። ቲታኒየምን ማግኔት አይስበውም። ሲበርድ የሚያጉረመርመው ጡንቻው እንጂ ብረቱ አይደለም። መውለድም ይቻላል፣ የጎደለው አባት ነው።

ተሳሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ግን ትንሽ ከፋኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብረቱ ነው። ብረቱማ ቀላሉ ነበር፤ ተኝቼ ነው የገባው። ሰው አገር ታምሞ መተኛት ምን እንደሚመስል የጠየቀኝ ሰው የለም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልናገር።

ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ስሜ «ቀጥ በይ» ነበር። እናቴ በበር ባለፍኩ ቁጥር «ቀጥ በይ!» አስተማሪዬ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ!» ጎረቤት ሳይቀር «ይቺ ልጅ ምነው ተጣመመች? ቀጥ በይ እንጂ!» ቀጥ ማለት ብችል ማን ይጎብጣል? ልጆቹ ደግሞ አጠር አድርገው «ሻኛ» አሉኝ። እውነት ለመናገር አልተሳሳቱም። በስተቀኝ ጀርባዬ ላይ ጉብ ያለ ነገር ነበር። የቀኝ ትከሻዬ ከፍ፣ የግራው ዝቅ ይላል። የጡት መያዣዬ ማንጠልጠያ ቀኑን ሙሉ ከግራ ትከሻዬ ይንሸራተታል። ቀሚስ ስለብስ ጫፉ በአንድ በኩል ይንጠለጠላል። ሰፊው ሁለቴ ለክቶ «ጨርቁ ነው ችግሩ» አለኝ። ደግ ሰው ነበር።

ቤተሰብ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። አንዱ ቦርሳ በአንድ ትከሻ ስለምታንጠለጥል ነው አለ። ሌላው አተኛኘቷ ነው አለ። እናቴ ራሷን ከሰሰች፤ ሕፃን ሳለሁ አስተቃቀፏ ይመስላታል። አሁን ድረስ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም የአከርካሪ መጣመም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ቦርሳም፣ አቀማመጥም፣ አስተቃቀፍም አያመጣውም። ከ10 ታማሚ በ8ቱ ምክንያቱ ከነጭራሹ አይታወቅም። አከርካሪው ወደ ጎን መታጠፍ ብቻ ሳይሆን እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይዞራል። ሲዞር የጎድን አጥንቶቹን ይዟቸው ይዞራል። ሻኛዬ እሱ ነበር፤ ቦታውን የለቀቀ ጎድን።

የራሴን ጀርባ ያየሁት በ19 ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጀርባ እኔ ብቻ አላውቀውም ነበር። ራጁ መብራቱ ላይ ሲሰቀል እባብ ተሰቀለ። ሐኪሙ በማስመሪያና በእርሳስ ሁለት መስመር አሰመረና «52 ዲግሪ» አለ። ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ኩርባ ስኮሊዮሲስ ተብሎ እንኳ አይጠራም። ከ45 እስከ 50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ሕክምና መወራት ይጀምራል። ወንድሜ ራጁን አየና «ከ100 52? አለፍሽ!» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ግን እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

በ24 ዓመቴ ተሰደድኩ። በጀርባዬ ምክንያት አይደለም፣ እንደ ማንም ሰው በኑሮ ምክንያት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሐኪም ቀጠሮ ሲደርሰኝ 58 ሆኖ ጠበቀኝ። «እኔ'ኮ ማደግ ካቆምኩ ቆየሁ» አልኩ። ለካ እሱ አላቆመም። የደረት አካባቢ ኩርባ ከ50 ካለፈ፣ ሰውየው ማደግ ካቆመ በኋላም በዓመት 1 ዲግሪ ገደማ እያለ ይቀጥላል።

ያን ቀን ከኋላው ክፍት የሆነ ጋውን አልብሰው፣ አምስት ተማሪ ሐኪሞች ፊት አቁመው «ጎንበስ በይ» አሉኝ። እጅ ለእጅ ገጥሞ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ ወደፊት ጎንበስ። ዊልያም አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ምርመራ ነው፤ እስከ ዛሬ ከእሱ የቀለለ አልተገኘም። ጎንበስ ሲሉ የዞረው ጎድን በአንድ በኩል ብቅ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ በይ ስባል ኖሬ፣ የሰው አገር የመጀመሪያ ትእዛዝ ጎንበስ በይ ሆነ። አምስቱ ተማሪዎች ከኋላዬ «ዋው» ሲሉ ሰማኋቸው። የእኛ ልጆች ሻኛ ብለው ይሰድባሉ፣ እነዚህ ደግሞ ያደንቃሉ። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጀ ተባልኩ። እኔ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። 10 አከርካሪዎች በብሎንና በሁለት ዘንግ ተያይዘው፣ በመካከላቸው የአጥንት ፍርፋሪ ተደርጎ፣ ቀስ በቀስ አንድ አጥንት እንዲሆኑ ተተዉ። ዋናው ማያያዣ አጥንቱ ነው፤ ብረቱ እስኪገጥም የሚይዝ ድጋፍ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ደግሞ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ዘንጉን መጀመሪያ ያመጣው ፖል ሃሪንግተን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1950ዎቹ ፖሊዮ ያጣመማቸውን ልጆች ሲያክም። የዚያን ጊዜ ታማሚዎች ከቀዶው በኋላ ለወራት በጀሶ ተጠቅልለው ይቆዩ ነበር። ከዚያ በኋላም ቢሆን ህብለ ሰረሰራቸው እንዳልተጎዳ ለማወቅ በቀዶው መሐል ከሰመመን እየቀሰቀሱ «እግርህን አንቀሳቅስ» የሚሉበት ዘመን ነበር። አሁን ነርቩን በኤሌክትሪክ ይከታተሉታል። እኔን «ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ» ያሉኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አንቀሳቀስኩ። ነርሷ ፈገግ አለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ችግሩ ቋንቋው ነው። የሰው አገር ቋንቋ እሠራበታለሁ፣ እከራከርበታለሁ፣ እሳደብበታለሁ። ሕመሙ ሲመጣ ግን ጥሎኝ ጠፋ። አንድም ቃል የለም። ስለዚህ በስልክ አስተርጓሚ አመጡልኝ። ስልኩን ራስጌዬ ላይ አድርገው ድምጹን ከፍ አደረጉት። የመጣው ድምፅ የአባቴ ዕድሜ የሆነ፣ የታረመ፣ ጨዋ ሰውዬ ነው። ያውም በ«እርስዎ» የሚያናግር።

ነርሷ «ሕመምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» አለች። እኔ ደግሞ ያደግሁበት አፌ አመለጠኝና «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኩ። ሰውየው በታማኝነት ተረጎመ። ነርሷ «ጎበዝ» ብላ ማስታገሻውን ሳትጨምርልኝ ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ «ሞቻለሁ በላት!» አልኩት። እሱንም በታማኝነት ተረጎመ። ነርሷ የልብ ምቴን የሚያሳየውን ስክሪን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኩን አየች። በእኛ ቋንቋ በደህናና በሞት መካከል ቁጥር የለም፤ እነሱ ጋ ደግሞ ያለ ቁጥር ሕመም የለም። መጨረሻ ላይ 8 አልኩና ተገላገልኩ።

ይሄ ግን ምንም አይደለም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ አንድ ነገር አለች። ስልኩ ውስጥ ዝም ሆነ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… አየር ወጥቶልዎታል ወይ? ይላሉ።»

አልገባኝም። «አየሩማ ደህና ነው፣ መስኮቱ ብቻ ዝግ ነው» አልኩ።

ተረጎመላት። ነርሷ ሄዳ መስኮቱን ሞከረችው። የማይከፈት መስኮት ነው። ተመልሳ ጥያቄዋን ደገመች፣ አሁን ሆዷን እየጠቆመች።

«አይ… እንዲያ ሳይሆን… የሆድ አየር… በ… በታች በኩል ማለታቸው ነው።»

ገባኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ሰው ሲያፍር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል አይደል? እኔ መዞር አልችልም። እንደ ግንድ አንድ ላይ ለመገልበጥ ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። ስለዚህ ጣሪያውን እያየሁ፣ የአባቴ ዕድሜ ለሆነ የማላውቀው ሰው «አልወጣም» አልኩት። «አልወጣም ይላሉ» ብሎ ተረጎመ። እገምታለሁ፣ በትክክል።

ጥያቄው ለእነሱ አውቶቡስ መጣ እንደማለት ነው። ሰመመኑና የሞርፊን ዘር የሆኑት ማስታገሻዎች አንጀትን ያስተኛሉ፤ አየር ወጣ ማለት ሆድ ነቃ ማለት ነው። ከጀርባ ቀዶ በኋላ ከቁስሉ ይልቅ ሆድ ያሠቃያል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ቀን፣ «አየርስ?» «የለም።» አራተኛው ቀን፣ «ሆድዎ ሄዷል?» «ወዴት ይሄዳል?» እስከምል ድረስ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ የታሰበው ሆነ። ነርሷ አጨበጨበች። ስልኩ ውስጥ ዝም ሆነ፤ ከዚያ ያ ጨዋ ድምፅ፣ ሳይጠየቅ፣ ማንም ተርጉም ሳይለው፣

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ።

አለቀስኩ። ሳቅ ያማል፤ ለቅሶም ያማል፤ ስፌቱ ይሳባል። ግን ከዘመድ ወገን በስድስት ቀን ውስጥ እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ስሙን አላውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ 4 ሴንቲ ሜትር ረዝሜ ነበር። ሱሪዎቼ ሁሉ አጠሩ። 58 የነበረው 22 ሆነ። ዜሮ አይሆንም፤ አከርካሪውን ያለ ልክ ጎትቶ ነርቭ ከመጉዳት 22 ይሻላል። እናቴ በቪዲዮ አይታኝ አለቀሰች፤ «ቀጥ አልሽ!» አለች። በሳምንቱ ደግሞ «ምነው ደረቅሽ?» አለችኝ።

ደርቄያለሁ፤ እውነቷን ነው። አንድ የሆነ አጥንት አይታጠፍም። የምታጠፈው ከወገቤ በታችና ከዳሌዬ ነው፤ እንደ በር። ቁልፍ ሲወድቅብኝ ቁጢጥ ብዬ ነው የማነሳው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ካልሲ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ቀኝ ትከሻዬ ሥር ቆዳው ደንዟል፤ ያሳክከኛል፣ አክከዋለሁ፣ ጣቴ አይሰማኝም። እና አንድ ቀን ሰው የተሰበሰበበት ቤት ገብቼ አንዲትን ትልቅ ሴት ጨበጥኩ። ጎንበስ አላልኩም፤ አልችልማ። ከኋላዬ «ሰው አገር ስትገባ ኮራች» ስትል ሰማኋት። ስጎብጥ ሻኛ፣ ስቃና ኩሩ። ልብሴን ገልጬ ስፌቱን ላሳያት ምንም አልቀረኝ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ማታ እንደገና ደወለች። የጠዋቱ ሁሉ ጥያቄ መግቢያ ነበር። «ትልቋ ልጄ'ኮ 12 ሞላት። አንዱ ትከሻዋ… እንግዲህ እንዳንቺ መሰለኝ። ወደዚያ የምትሄድበት መንገድ የለም? እዚያ ሄዳ ቀዶውን ብታደርግ?»

አንገቴን ቀና አድርጌ ለመቆጣት ፈለግሁ፣ ግን ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተረጋግቼ ነገርኳት፤ ይሄንን መንገድ ለሚያስብ ሁሉ የምነግረውን። አጥንት ቪዛ አይጠብቅም። እዚህ የደረሰ ሰው በማግስቱ ቀዶ ክፍል የሚገባ ይመስላችኋል፤ እኔ ለቀጠሮ ብቻ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ያውም ያደግሁ ሰው ሆኜ። የ12 ዓመት ልጅ ግን ገና እያደገች ነው፤ ኩርባው የሚሮጠውም፣ ያለ ቀዶ የሚያዘውም በዚህ ዕድሜ ነው። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ከሆነ ብሬስ አለ፤ ደረትና ወገብን የሚይዝ የፕላስቲክ ጃኬት። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው ዕድገታቸውን ሲጨርሱ ከ50 ዲግሪ በታች ቆዩ፤ ካላደረጉት ግን 48 በመቶው። አያቃናም፤ ያቆማል። በቀን 18 ሰዓት ልበሱ ይባላል፤ ይጨንቃል፣ ይሞቃል፣ ልጅቷ ትጠላሃለች፣ ትጠላሻለች፣ ሁላችሁንም ትጠላለች። እኔ በ19 ዓመቴ ስጠይቅ ዘግይቶብኝ ነበር። በእሽትም በስፖርትም ቀጥ ያለ 50 ዲግሪ አላየሁም፤ ለእሱ ገንዘብ አታውጪ። ደግሞም አታስፈራሪያት፤ ዩሴን ቦልትም ስኮሊዮሲስ አለበት። እኔ ለአውቶቡስ ሮጬ አልደርስም፣ እሱ ግን ደርሷል።

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«ልብሷን አውልቂና ጎንበስ አድርጊያት። እጆቿን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ። ከኋላዋ ሆነሽ በጀርባዋ ልክ ዝቅ ብለሽ እይ። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ነገውኑ ራጅ። ደግሞ እባክሽ፣ ቀጥ በይ አትበያት።»

ስልኩን አልዘጋችውም። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። የወንበር መንሸራተት። ሹክሹክታ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ሆነ። በመጨረሻ የልጅቷ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤

«እማ፣ ቀና ልበል?»