ሁለት ድርብ ናስትሮ ለድሬዳዋ ቀትር አይበቃም

በሦስተኛው ድርብ፣ አየሩ ከክንፉ የሚላቀቅበትን የሚያሳየው የዘይት መስመር ጠፋ። ጠዋትም ቀትርም ጠፋ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው የትንሽ ሞዴል ተንሸራታች ፎም ክንፍ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ናስትሮ ነው፤ ለሚያውቀው ግን የወራት ራስ ምታት መፍትሔ ነው።

መነሻውን ቶሎ እንለፈው። ክንፉ 1 ሜትር ይረዝማል፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 20 ሴ.ሜ. ነው፣ ቅርጹ ክላርክ ዋይ የሚባለው የተለመደ የክንፍ ቅርጽ ነው። ተንሸራታቹ በሙሉ 600 ግራም ገደማ ሲሆን በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይበራል። ፎሙ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ነው። በጋለ ሽቦ ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው በውሃ በሚበጠበጥ ስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያ በሰፊ ፕላስተር ይሸፈናል። ስፕሬይ ቀለም በቀጥታ እንዳትነፉበት፤ ፎሙን ይበላዋል። የፕላስተሩ መደራረቢያ ደግሞ ክንፉ ግንባር ላይ አይዋል፤ ከሥር በኩል ወደ ኋላ ይሂድ።

ስለ ማለስለስ አንድ ነገር፦ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ክንፍ የምትወለውሉ፣ ክንዳችሁን አሳርፉ። የተለመደው መነሻ ስሌት የሻካራው ከፍታ በፍጥነት ተባዝቶ ለአየሩ ኪነማቲክ ቪስኮሲቲ (አየሩ ላለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ለጥግግቱ ሲካፈል) ሲካፈል ከ100 ካልበለጠ ሻካራነቱ ፍትጊያውን አይጨምርም ይላል። በድሬዳዋ ሙቀት፣ በ10 ሜትር በሴኮንድ፣ ይህ 0.19 ሚ.ሜ. ነው። የ400 ቁጥር ወረቀት እህል 0.035 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ከበቂ በላይ ነው። በሴኮንድ 60 ሜትር የሚበር እውነተኛ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ግን ያው ስሌት በባሕር ጠለል አየር ወደ 0.024 ሚ.ሜ. ይወርዳል። እዚያ የደረቀ ትንኝም ያስከፍላል። በርት ሩታን የነደፈው ትንሽ አውሮፕላን ቫሪኢዜ የፊት ክንፉ ዝናብ ሲነካው የማንሳት ኃይሉ ይቀንስ እንደነበር ይታወቃል። ስለ ትልቁ የተጻፈውን ለትንሹ መገልበጥ ነው እኛን የሚያሳስተን።

የትንሹ ክንፍ በሽታ ሻካራነት ሳይሆን የአየሩ ስንፍና ነው። የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍጥነቱ ከፊት እስከ ኋላ ጠርዝ ባለው ርቀት ተባዝቶ ለቪስኮሲቲው ሲካፈል) 105,000 ገደማ ሲሆን ቆዳውን የታከከው አየር ረግቶ፣ ላሚናር ሆኖ ይሄዳል። ፍትጊያው ትንሽ ነው፤ ግን ክንፉ ወደ ኋላ ሲያዘቀዝቅ አቅም አጥቶ ይላቀቃል፣ ከሥሩ የሞተ አየር ኪስ ይሠራል። ድራጉን፣ ማለትም የአየሩን ወደ ኋላ ጉተታ፣ የሚያንረው ይህ ኪስ ነው። መድኃኒቱ ከመላቀቁ በፊት አየሩን ሆን ብሎ መበጥበጥ ነው። ዋጋ አለው፦ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ስሌት የፍትጊያ መጠኑ ከ0.0041 ወደ 0.0073 ይወጣል። ኪሱ ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ኪሱ የት እንዳለ ሳያዩ መለጠፍ ግምት ነው። አንድ ማንኪያ ጥላሸት፣ ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት፣ አራት ወይም አምስት ማንኪያ ላምባ በጥብጡና ክንፉ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። (ላምባው በፕላስተሩ ስንጥቅ ከገባ ፎሙን ያበላሻል፤ መጀመሪያ ስንጥቁን ድፈኑ።) ክንፉን ከባጃጅ ጣሪያ 1 ሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ ግንባሩን በ4 ዲግሪ ቀና አድርጋችሁ አስራችሁ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ቀጥ ባለ መንገድ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ንዱ፤ 10 ሜትር በሴኮንድ ማለት ነው። አየሩ በሚላቀቅበት ቦታ ዘይቱ ተጠራቅሞ መስመር ይሠራል፣ ተመልሶ በሚያርፍበት ደግሞ ተጠርጎ ይታያል። እዚህ ክንፍ ላይ መስመሩ ከፊት ጠርዝ 9 ሴ.ሜ. ላይ ነው፤ ስለዚህ ናስትሮው 7 ሴ.ሜ. ላይ ተለጠፈ።

እንግዲህ ችግሩ። ሁለት ድርብ ዚግዛግ ናስትሮ (ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ) ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሞከር መስመሩን ያጠፋዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ያው ክንፍ፣ ያው ባጃጅ፣ መስመሩ ይመለሳል። ናስትሮው ተነሣ ተብሎ ተጠረጠረ፣ ዘይቱ ቀጠነ ተባለ። ጥፋተኛው አየሩ ነው። ለዚግዛግ የሚሠራበት መነሻ፣ ከፍታው በፍጥነት ተባዝቶ ለቪስኮሲቲው ሲካፈል ከ200 እስከ 300 እንዲሆን ነው። ክንፉ ላይ ያለው ፍጥነት ከበረራው ሩብ ያህል ስለሚበልጥ 12.5 ሜትር በሴኮንድ ያዙ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፦ በ20 ዲግሪ ቪስኮሲቲው 17.5 ሚ.ሜ. ስኩዌር በሴኮንድ ሲሆን ዝቅተኛው ከፍታ 0.28 ሚ.ሜ. ይመጣል፤ በ35 ዲግሪ 19 ይሆንና 0.30 ይጠይቃል። ሁለቱ ድርብ ልክ 0.30 ነበር፣ ያውም ሳይሳብ። በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ፣ 0.23 ይበቃል፤ የውጭ ፕላኖች «ሁለት ድርብ» የሚሉት ለዚያ አየር ነው። እርግጥ በሳሳ አየር ተንሸራታቹ ራሱ 10 በመቶ ገደማ ስለሚፈጥን ልዩነቱ በከፊል ይካካሳል፤ ከፊሉ ግን ይቀራል። ሦስት ድርብ፣ 0.45 ሚ.ሜ.፣ የቀትሩንም ይሸፍናል። ከዚያ በላይ መደረብ ግን ናስትሮውን ራሱን ድራግ ማድረግ ነው።

የናስትሮ ውፍረት ከጥቅል ጥቅል ይለያያል። አሥር ድርብ አጣብቁና በካሊበር ለክታችሁ ለአሥር አካፍሉ። ስትለጥፉ አትሳቡት፤ ሲሳብ ይሳሳል፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይኮማተርና የጥርሱ ጫፍ ይነሣል። ጥርሱን ለማውጣት የልብስ ሰፊ ዚግዛግ መቀስ የሚተካከለው የለም፤ ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ጠይቁ። ግን ናስትሮውን ባዶውን አትቁረጡ፣ ሙጫው መቀሱን ያበላሻል፣ ሰፊውም ሁለተኛ አያውሳችሁም። የስቲከር ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ ቁረጡ። ቀጥ ያለ ጠርዝም ይሠራል፤ የበለጠ ከፍታ ስለሚፈልግ ግን አንመክረውም።

«ለምን ክንፉን በሙሉ እንደ ጎልፍ ኳስ አንሰረጉደውም?» የሚለው ጥያቄ አያልቅም። ፕራንትል በ1914 ለስላሳ ኳስ ላይ የሽቦ ቀለበት አድርጎ ድራጉ ሲወርድ አሳይቷል፤ ኳስ ግን ከኋላው ሰፊ የሞተ አየር የሚጎትት ድቡልቡል ነው። ክንፍ አንድ መስመር ይበቃዋል። የተቀረው ሥርጉድ ፍትጊያ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተንሸራታቹ ሆድ ሥር 2 ሚ.ሜ. ውፍረት፣ 20 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው የማረፊያ ሽቦ ተንጠልጥሏል። የክብ ሽቦ ድራግ ኮፊሸንት (የጉተታ መጠን ቁጥር) 1 ገደማ ነውና ውፍረቱን በርዝመቱ አባዙት፦ 0.0004 ሜትር ስኩዌር። የክንፉ ላሚናር ፍትጊያ በላይም በታችም ተደምሮ (0.0041 በ0.4 ሜትር ስኩዌር ሲባዛ) 0.0016 ነው። ሩቡን ያህል አንድ ሽቦ ይዞታል። ናስትሮው በምላጭ ተስተካክሎ፣ በካሊበር ተለክቶ ሦስት ጊዜ ተለጥፏል፤ ሽቦው ዛሬም እንደተንጠለጠለ ነው።