የግሬይሀውንድ ጥፍር በስንት ጊዜ ይቆረጣል? እኔ የምሠራበት መንገድ

ግሬይሀውንድ የተባለውን የሩጫ ውሻ ጥፍር የምቆርጠው በየሳምንቱ ነው፤ ግን ትንሽ ብቻ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር። ጥፍሩ ልኩን ከያዘ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ከሦስት ሳምንት በላይ ግን አላቆየውም። ምክንያቱ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ነው። የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ይህ ሥጋ ጥፍሩ ሲረዝም አብሮ ይረዝማል፤ ጫፉ ቶሎ ቶሎ ሲነሳ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወር ከምናምን ጠብቆ አንዴ ብዙ ልቁረጥ የሚል ሰው ገና ከመጀመሩ ሥጋው ላይ ይደርሳል፤ ውሻው ይደማል፣ ጥፍሩም እንደረዘመ ይቀራል።

ልኩን የማየው ውሻው ጠንካራ ወለል ላይ በአራቱም እግሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። በጥፍሩና በወለሉ መካከል ወረቀት ማለፍ ከቻለ ጥሩ ነው። ሲራመድ ጥፍሩ ወለሉን የሚመታ ድምፅ ከተሰማ ረዝሟል። የግሬይሀውንድ ጣቶች ረጃጅምና ወደ ላይ የቀሰቱ ናቸው፤ የረዘመ ጥፍር ወለሉን ሲነካ ጣቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መገጣጠሚያውም ያለ ቦታው ጫና ይሸከማል። በዚያ ላይ ይህ ውሻ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ እንስሳ ነው። በሩጫ መሐል የረዘመ ጥፍር የሆነ ነገር ከያዘው ከሥሩ ሊነቀል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከማንኛውም የአቆራረጥ ስህተት የከፋ ሕመም ነው።

አስፋልት ላይ መራመድ ጥፍር ያሳጥራል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን እሱን ብቻ መተማመን አይቻልም። ሁሉም ጥፍር እኩል አያልቅም። የፊት እግር አውራ ጣት ደግሞ፣ ከፍ ብሎ ስላለ፣ መሬት ስለማይነካ ጨርሶ አያልቅም። ከተረሳ ክብ እየሠራ ዞሮ ሥጋ ውስጥ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከእሱ ነው።

መቁረጫው ፒንሳ መሳይ፣ ለትልቅ ውሻ የተሠራና ስለቱ ያልደነዘ ይሁን። የደነዘ መቁረጫ ጥፍሩን ከመቁረጡ በፊት ይጨፈልቀዋል፤ ውሻው የሚጮኸው ሥጋው ሳይነካ በዚያ ጭምቀት ሊሆን ይችላል፣ ጥፍሩም ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ ሞረድ ላለው ሰው ሥራው ይቀላል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በአንድ ጥፍር ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ ሳይበልጥ፣ እያነሱ እየመለሱ ነው። ጊዜው ረዘም ካለ ጥፍሩ ይግልና ውሻውን ያቃጥለዋል። ውሻው ድምፁን እስኪለምድ ድረስ ለጥቂት ቀናት ሞረዱን ራቅ አድርጎ እያስነሱ የሚወደውን ምግብ መስጠት ነው።

ብዙ ግሬይሀውንዶች ቁጭ ማለት አይመቻቸውም፤ ስለዚህ ወይ ቆሞ ነው ወይ በጎኑ ተኝቶ። ሲቆም ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ አደርጋለሁ፤ እግሩ ከተንሸራተተ ሌላውን እግሩን አምኖ አይሰጥህም። እግሩን የማነሳው ፈረስ ጫማ ሲገጠምለት እንደሚያዘው ወደ ኋላ አጥፌ፣ ዝቅ አድርጌ ነው። ወደ ጎን መሳብ ትከሻውንና ዳሌውን ያሳምመዋል። የምይዘው ሙሉውን እግር ሳይሆን ጣቱን ብቻ ነው፣ በለዘብታ። ቆዳው ስስ ነውና ቶሎ ይቀደዳል፤ መቁረጫውን ከመጫኔ በፊት በጣቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ስለቱ ውስጥ አለመግባቱን አያለሁ።

ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ መልክ ያለው ሥጋ ከውጭ ይታያል፤ ከእሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀደም ብዬ አቆማለሁ። ጥቁር ጥፍር ላይ ግን የሚታየው የተቆረጠው ፊት ነው። ስስ ስስ እያደረግሁ እቆርጥና በእያንዳንዱ መሐል ፊቱን እመለከታለሁ። መጀመሪያ ደረቅ፣ ነጣ ያለና የሚፈረፈር ነው። ወደ ሥጋው ሲጠጋ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ ረጠብ ያለ የሚመስል ትንሽ ክብ ብቅ ይላል። እሱን ካየሁ በኋላ አንድም ጊዜ አልደግምም። ከዚያ የላይኛውንና የጎኑን ጠርዝ ብቻ በሞረድ አሳሳለሁ፤ በሥጋው ዙሪያ ያለው ጥፍር ሲሳሳ ሥጋው ቶሎ ይሸሻል።

ግሬይሀውንድ ለትንሽ ነገርም አጥንቱ የተሰበረ ያህል ሊጮህ ይችላል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ደም አለ ወይ ብሎ ማየት ነው። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አያያዙ ነው ያስጮኸው። ከደማ ደም ማቆሚያ ዱቄት፣ ከሌለም የበቆሎ ስታርች ጫፉ ላይ ጭኖ በንጹሕ ጨርቅ አምስት ደቂቃ መጫን፤ ቆመ አልቆመም እያሉ በየመሐሉ መግለጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። የዚያን ቀን ሩጫ የለም። ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልቆመ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። በዚህ ዝርያ ላይ ከጉዳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቆመ ደም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ሊፈስ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጥፍሩ ከሥሩ የተነቀለ ውሻ ለእነዚያ ቀናት ከዓይን አይጥፋ።

የሚፈራን ውሻ በአንድ ቀን አልጨርሰውም። ዛሬ አንድ እግር፣ ካልሆነም ሁለት ጥፍር፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ጉርሻ። ታግሎ ተይዞ ሁሉም ከሚቆረጥለት ይልቅ ሁለቱ በሰላም ተቆርጠው ሌላው ለነገ ቢያድር ይሻላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መቁረጫውን ሲያይ የሚሸሸው በግድ የተያዘው ነው።

እግሩን በያዝሁ ቁጥር መዳፉን ከሥሩም እገለብጣለሁ። ግሬይሀውንድ ላይ ካሎ በብዛት ይወጣል፤ ትንሽ፣ ክብና ደረቅ ሆኖ መዳፉ ላይ ይታያል፣ ጠጠር ላይ ሲራመድም ያስነክሰዋል። እንደዚሁ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተለያዩ እግሮች ላይ ጥፍሮች እየተሰነጠቁ ወይም ከሥራቸው እየለቀቁ ከወደቁ ችግሩ የመቁረጥ አይደለም። የሰውነቱ መከላከያ የራሱን የጥፍር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ አለ፤ በዚህ ዝርያ ላይም ይታያል። ያኔ መቁረጫውን አስቀምጦ ውሻውን ለሐኪም ማሳየት ነው፤ ሕክምናው ወራት ይወስዳልና ቶሎ መጀመሩ ይጠቅማል።